በራሴ ክስ የተረታሁበት የዝንጅብል አበባ

ይመዝገብልኝ። በጃንሆይ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ሰባተኛ ሰፈር፣ ባላምባራስ ግቢ ውስጥ፣ የእኔ የዝንጅብል አበባ ምንም ሳታጠፋ ከመሬቷ ተፈናቅላለች።

ከሳሿ እኔ ነበርኩ። ዳኛውን ከመንገድ አስቁሜ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። የተረታሁትም እኔው ነኝ!

አዎ ልጆቼ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት።

ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብዬ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ምክንያት ስላለኝ ነው። ትላንት የአትክልት ግሩፓችን ላይ አንዲት ልጅ የበሰበሰ የዝንጅብል አበባ ሥር ፎቶ ለጠፈች። «የሸጠችልኝ ሴት ሆን ብላ የታመመ ሰጠችኝ» ብላ ጽፋለች። ሰው ሁሉ ደግሞ «ስሟን አውጪው፣ ክሰሻት» እያለ ኮመንቱን ሞልቶታል።

ፎቶውን በጣቶቼ ሳብ ሳብ አድርጌ አጎላሁት።

ያን ሥር አውቀዋለሁ። በእሱ ሰበብ ነጠላዬ ከነጥለቱ ጭቃ ውስጥ ገብቷል።

የኔ ልጅ፣ የሴትየዋን ስም ከማውጣትሽ በፊት ቁጭ በይና የእኔን አንብቢ። በአንድ ጣት ነው የምጽፈው፣ ትዕግሥት ይኑርሽ።

ያኔ ካገባሁ ገና ነው። የምንኖረው ከሰባተኛ ገባ ብሎ፣ ባላምባራስ የሚያከራዩት ግቢ ውስጥ ነበር። ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ፣ መሃላቸው አንድ የጋራ ቧንቧ። ከቧንቧው ጎን፣ ግድግዳው ሥር፣ አንዲት ቁራጭ መሬት ነበረች። አንድ አልጋ ቢዘረጋባት ትሞላለች።

በዚያ ግቢ ድንጋይ ያልተነጠፈባት መሬት እሷ ብቻ ናት። ሁሉም ዓይኑን ጥሎባታል።

ከሁሉም ይልቅ የምንመኛት ግን ሁለት ነን። አንዷ እትዬ ደስታ፣ ከጉራጌ አገር የመጡ ቆጮ ሻጭ፣ በአንድ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤቴ። እሳቸው ጎመን ሊተክሉባት አስበዋል። ሌላዋ እኔ።

እኔ ምን ልተክል? አክስቴ ፈረንጆች ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች። ከአትክልታቸው አንድ ሥር ለምና፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ቅጠሉ ኮረሪማ ይመስላል። አበባው ነጭ ነው፣ ቢራቢሮ ያረፈበት ነው የሚመስለው። ሲመሽ ሽታው ግቢ ሙሉ ያውዳል» አለችኝ። ሥሩን ያየ ግን ዝንጅብል ነው ይላል። ባለቤቴማ ለሻይ መስሎት ቢላ አንስቶ ነበር፤ ከእጁ ነው የነጠቅኩት።

ያቺ ቁራጭ መሬት ደግሞ የቧንቧው ፍሳሽ ስለሚተኛባት ትሸት ነበር። ባላምባራስ ራሳቸው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ነው የሚያልፉት። ይህን አየሁና ሄድኩባቸው።

«ባላምባራስ፣ መሬቷን ለእኔ ይስጡኝ፤ ግቢዎ ሽቶ ሽቶ እንዲሸት አደርጋለሁ።»

ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ክረምቱን ሞክሪ። አበባ ካየሁ መሬቱ ያንቺ ነው። ካላየሁ ለደስታ ጎመን ይሆናል» አሉኝ።

ነገሩ እንግዲህ ይኼው ነው። ከገጠር መጥቼ፣ የሰው ቤት ተከራይቼ፣ ከሰው ቧንቧ ቀድቼ እየኖርኩ፣ አዲስ አበባ ላይ የእኔ የምለው አንድ አልጋ የምታህል መሬት ላገኝ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ማታ ስተኛ የማስበው እሷን ነበር።

አሁን የሚያሳፍረው ይጀምራል።

እንዴት እንደሚተከል አላውቅም። ታዲያ ማንን ብጠይቅ ጥሩ ነው? እትዬ ደስታን! መሬቷን ከእኔ እኩል የሚፈልጉትን ሴት! ምን ላድርግ፣ በግቢው ውስጥ ተክል አውቃለሁ የሚሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እሳቸውም አልሰሰቱብኝም። ሥሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና ፈገግ አሉ።

«ይኼማ የእንሰት ዘመድ ነው። ጠለቅ አድርገሽ ቅበሪው። እበት አልብሺው። ግድግዳው ጥላ ያርገው። ውሃም አትንፈጊው።»

እንዳሉኝ አደረግኩ። ከዚያም አስበለጥኩ። እበቱን በጆንያ አስመጣሁ። ጠዋት አጠጣለሁ፣ ማታ አጠጣለሁ። ከሰማይ ዝናቡ አለ፣ ከጎን ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ እኔ ግን ባልዲዬን ይዤ አልቀርም።

መጀመሪያ ቅጠል ወጣ። ያን የመሰለ ቅጠል! ሰፊ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ የቆመ። ግቢው ሁሉ ቆሞ አየ።

ባላምባራስ ሲያልፉ፣ «አበባውስ?» ይላሉ።

«እየመጣ ነው፣ ባላምባራስ።»

እትዬ ደስታ ከደጃቸው ሆነው፣ «ባያብብም ግድ የለም፣ ቅጠሉ ለቆጮ መጠቅለያ ይሆነኛል» ይሉኛል። ቀልዳቸውን ነው። እኔ ግን ቃሏን ያዝኩባቸው።

ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ከሥር ጀምሮ ቢጫ ሆነ። እኔስ ምን አደረግኩ? የጠማት መስሎኝ ውሃ ጨመርኩ።

አንድ ቀን ጠዋት አንዱን ግንድ ነካ ባደርገው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ጫፉ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። ማለቴ የታየኝ መሰለኝ። ጠለቅ አድርገሽ ቅበሪው ያለኝ ማነው? ውሃ አትንፈጊው ያለኝስ? አበባዬ ብትሞት መሬቷ የማን ልትሆን ነው?

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። እትዬ ደስታ ቆጯቸውን ተሸክመው ወደ ገበያ እየሄዱ ነበር። መንገዱ መሃል ደረስኩባቸው።

«በጃንሆይ አምላክ! ንቅንቅ እንዳትዪ!»

እናንተ የዛሬ ልጆች ይህን አታውቁትም። ያኔ በጃንሆይ አምላክ የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ይቋጠራሉ፤ ደህና ሰው ሲያልፍ አስቁመው «ይዳኙን» ይሉታል፤ እሱም እዚያው መንገድ ላይ ይፈርዳል። እርግጥ ከተማው ውስጥ ልማዱ እየቀረ ነበር። እኔ ግን እናቴ ስትካሰስ እያየሁ ነው ያደግኩት። እናንተ ስትጣሉ ብሎክ ታደርጋላችሁ። እኛ እንቋጠር ነበር። የተቋጠረ ሰው ደግሞ ኩርፊያውን ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም።

እትዬ ደስታ ሸክማቸውን እንኳ አላወረዱም። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ አልሽኝ?»

እውነት ነው። እስከዚያን ቀን ድረስ እርስዎ ነበር የምላቸው።

«አዎ አልኩሽ! አበባዬን የገደልሽ አንቺ ነሽ!»

«እንግዲያው ቋጥሪ» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ዘረጉልኝ።

ቋጠርኩ። ሁለት ጊዜ ተፈታብኝ። ሦስተኛውን እሳቸው አጠበቁልኝ።

በዚህ መሃል ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአጠገባችን ሊያልፉ ሆነ። ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ሪዝ። እንዲህ ያለ ሰው ካልዳኘ ማን ይዳኛል?

«አባቴ፣ በጃንሆይ አምላክ ይዳኙን!»

«ልጆቼ፣ እኔ እኮ ወደ ምሳዬ እየሄድኩ ነው።»

«ይዳኙን!» አልኩ ደግሜ።

ቋጠሯችንን አዩ። ተነፈሱና ጃንጥላቸውን አጠፉ። አንድ ኩሊ የተሸከመውን የጨው ጆንያ አወረደላቸው፤ እሱ ላይ ተቀመጡ።

ሰው ግጥም አለ። እኔ የእናቴን ወግ ይዤ አንድ እግሬን ወደፊት አውጥቼ ጀመርኩ።

«ይህች ሴት መሬቴን ፈልጋ አበባዬን በምክር ገደለችብኝ!»

«በመርዝ ነው ያለችው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«አይደለም፣ በምክር ነው» አለው ኩሊው። «ተጠንቀቅ፣ ላንተም እንዳትመክርህ።»

ሳቁ ሰባተኛን ዞሮ የመጣ መሰለኝ።

እትዬ ደስታ ቆጯቸውን እንደተሸከሙ መለሱ። «እኔ የማውቀውን ነገርኳት። አገሬ ተክል የሚተከለው እንዲህ ነው። ጠይቃኝ ዝም ብላት ደግሞ ነፈገችኝ ብላ ትከሰኝ ነበር።»

«ቅጠሏን ለቆጮ እፈልጋለሁ አላልሽም?»

«አብረሽኝ ስቀሽ የለም እንዴ?»

«መች ሳቅኩ!»

«ጥርስሽ እኮ ታይቶኛል!»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም። እኩል ነበር የምንጮኸው። ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ከፍ አደረጉ።

«በቃ፣ ዝም በሉ። ሦስተኛዋ የት ናት?»

«ሦስተኛዋ ማን ናት?» አልኩ።

«ሞተች የተባለችው ናታ። ሳላያት አልፈርድም።»

ስለዚህ ወደ ግቢ ሄድን። ሽማግሌው ከፊት፣ ሰው ሁሉ ከኋላ፣ እኔና እትዬ ደስታ በነጠላ ተቋጥረን መሃል። የግቢያችን በር ጠባብ ነው። ለሁለታችንና ለቆጮው አይበቃም። እኔ ልቅደም፣ እሳቸው ይቅደሙ ስንባባል ተቀርቅረን ቀረን፤ ኩሊው ነው ከኋላ ገፍቶ ያስገባን።

ባላምባራስ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ ከቤታቸው ወጡ። «ምን መጣ?» አሉ።

«ችሎት ነው፣ ባላምባራስ» አላቸው ሰው።

ሽማግሌው «ቆፍሩ» አሉ። ማን ይቆፍር? ተቋጥረናል፤ አብረን ጎነበስን። አንዳችን በሹል እንጨት፣ አንዳችን በእጅ። የነጠላችን ቋጠሮ ጭቃው ውስጥ ገባ። እየቆፈርን ሄድን፣ ሄድን፣ ሥሩ አይገኝም። ጎረቤቶቼ «የቀበርሽው አበባ ነው አስከሬን?» ይሉኛል።

በመጨረሻ አወጣነው። ላዩ ድንች ቀቅለው የረሱት ይመስላል፣ ሲነኩት ይናዳል። የጉድጓዱ ወለል ላይ ውሃ አቁሯል። አንዲት ጥግ ብቻ ጠንካራ ቀርታለች።

ሽማግሌው በጃንጥላቸው ጫፍ ውሃውን ነካ አደረጉት።

«ማን ተከላት?»

«እኔ።»

«ማን አጠጣት?»

«እኔ።»

«ስታጠጪ አፈሩ ደርቆ ነበር?»

«ኧረ አልደረቀም፤ ክረምት አይደል» አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው በወደድኩ ነበር።

«ክረምት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ዝናቡም አለ። ቧንቧውም አለ። አንቺም አለሽ።»

ኩሊው ከሳቁ ብዛት ግድግዳ ተደገፈ።

«ይህች ጎረቤትሽ እንሰት ለምዳለች። የለመደችውን ነገረችሽ። ተንኮል አላየሁባትም» አሉ። «ደህናዋ ጥግ ተቆርጣ ትውጣ። ይህ ቦታ ውሃ ይተኛበታል፣ ያሰምጣታል። መሬቱ ለጎመን ይሁን። ቋጠሯችሁን ፍቱ።»

በቃ። ይኼ ነው ፍርዱ።

ባላምባራስ «መልካም ተፈርዷል» አሉ። እኔ ያቺን የሥር ቁራጭ በጭቃ እጄ ይዤ ቆሜአለሁ።

«ይግባኝ እላለሁ!»

«ለማን?» አሉኝ ሽማግሌው፣ ጃንጥላቸውን እየዘረጉ።

ለማን ልበል? የማውቀው ዳኛ አንድ ነው። «ለእርስዎ!»

«እሺ። ስታብብ መጥተሽ ጠይቂኝ።»

ሄዱ። ስማቸውን አልጠየቅኩ፣ ቤታቸውን አልጠየቅኩ። የይግባኝ ዳኛዬ አንድ ጥቁር ጃንጥላ ብቻ ሆነው ቀሩ።

የኔ ልጅ፣ ፎቶ የለጠፍሽው፣ ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ ያዢው። የተማርኩት በውርደት ነውና።

ለአክስቴ ብነግራት ራሷን ያዘች። «እኔ መች ቅበሪው አልኩሽ? ፈረንጆቹ ግቢ የሥሩ ጀርባ ከአፈር ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ነው የማየው።» የላላውን ሁሉ ቆርጬ ጣልኩ። የተቆረጠውን አመድ ነስንሼ ጥላ ላይ አደረቅኩት። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫው ከምናለሽ ተራ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ አመጣሁ፤ ውሃ እንዳይተኛ ታቹን በምስማር በሳሳሁት። ሥሩን ከላይ ከላይ ተከልኩ። እበቱን ተውኩ። እበት ሲበዛባት ቅጠል እንጂ አበባ አታስብም። ጥላም ሲበዛባት እንዲሁ።

ውሃ ከመስጠቴ በፊት ጣቴን አፈር ውስጥ እከታለሁ። ደረቅ ካለ እሰጣታለሁ፣ ካላለ ባልዲዬን ይዤ እመለሳለሁ። ይህች ጣት ከባልዲ ይልቅ ታስተውላለች። አሁን የምጽፍላችሁም በእሷ ነው።

በቀላሉ የዳነች እንዳይመስላችሁ። በበጋው የቅጠሏ ጫፍ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ሆነ። ደግሞ ምን አጠፋሁ ብዬ ቆሜ ባይ፣ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮ አጥሩ ሙቀት ፊት ለፊት ይመታታል፤ እኔም ያለፈውን ፈርቼ ውሃ ነፍጌአታለሁ። የጠዋት ፀሐይ ብቻ ወደሚያገኛት ደጄ ጎተትኳት፣ ውሃውንም አስተካከልኩ። ጫፉ የተቃጠለው አይመለስም፤ አዲሱ ቅጠል ግን ደህና ወጣ።

ከዚያ ክሽክሽ ወረራት። እነዚያ ትንንሽ አረንጓዴ ተባዮች የምታቆጠቁጠውን ሁሉ መጠጡባት። ተቀምጬ በጣቴ ስጨፈልቅ እትዬ ደስታ በደጃቸው ያዩኛል። አንነጋገርም። ከፍርዱ ወዲህ አንነጋገርም። በማግስቱ ደጄ ላይ አንድ ጣሳ ቀጠን ያለ የሳሙና ውሃ ተቀምጦ አገኘሁ። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩም። ቅጠሉን ከላይም ከሥርም አጠብኩት፣ በንጹህ ውሃ አለቀለቅኩት፣ ደጋገምኩት። ለቀቃት።

ጎመኑም በበኩሉ ያቺ መሬት ላይ እንዴት እንደ በቀለ አትጠይቁኝ። መጀመሪያ እትዬ ደስታ አንድ እስር ሲልኩልኝ መለስኩት። ሁለተኛም መለስኩት። ሦስተኛውን በላሁት። ጣፋጭ ነበር፣ ምን ይደረግ።

ትልቁን ጥፋት ደግሞ ስሙት። በሁለተኛው ክረምት ግንዶቿ ሲረዝሙብኝ፣ ጌሾ እንደሚገረዘው መስሎኝ አናታቸውን ልቆርጥ ቢላ አወጣሁ። አንዱን ቆረጥኩ።

«ተይ!»

እትዬ ደስታ ነበሩ። ከፍርዱ በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው።

«ምን ቤት ነዎት?» አልኩ። እርስዎ ብያለሁ፣ ልብ በሉ።

«ምክር መስጠት ትቻለሁ፣ ያስከስሳል። ግን የምታብበው በአናቷ ከሆነ፣ አናቷን ስትቆርጪ የት ልታብብ ነው?»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። ትክክል ነበሩ። ግንዱ የሚያብበው አንዴ ነው፣ በአናቱ። አብቦ ሲጨርስ ነው ከሥሩ የሚቆረጠው። ከዓመታት በኋላም ሥሩ ቆርቆሮውን ሲሞላው ማበብ ትተዋለች፤ ያን ጊዜ ከፋፍለሽ ለጎረቤት ስጪ።

መስከረም ውስጥ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ካልቆረጥኳቸው ግንዶች በአንዱ አናት ላይ ነጭ ነገር ተፈታ።

ሲመሽ ሽታው ግቢውን ዞረው። ባላምባራስ ከቤታቸው ወጡ። ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። እንደዚያ ፊታቸውን ሙሉ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ቃል ቃል ነው፤ አበባ አይቻለሁ» አሉኝ። «መሬቱን ልመልስልሽ?»

ጎመኑን አየሁ። እትዬ ደስታ ደጃቸው ላይ ቆመው ወዲያ ያያሉ።

«አይሆንም፣ ባላምባራስ። በዳኛ የተወሰደ በዳኛ ነው የሚመለስ። ይግባኝ ላይ ነኝ።»

ዳኛዬን የት ላገኛቸው? ያኔ ከተክለ ሃይማኖት ሲመለሱ ነበርና፣ በታቦቱ ዕለት፣ በሃያ አራት፣ ቆርቆሮውን ለመሸከም ጎንበስ ብል አልነሣ አለኝ። ከበደኝ። እትዬ ደስታ መጡና በአንድ ወገን ያዙልኝ። ያለ ቋጠሮ፣ ጎን ለጎን፣ አበባዋን መሃል አድርገን ወጣን። በሩ ላይ «ይቅደሙ» አልኳቸው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆምን። ያለፈውን ጃንጥላ ሁሉ ሥሩ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስንቱ ሽማግሌ ተቆጣኝ! በመጨረሻ ወጡ። ያው ነጭ ጋቢ፣ ያው ነጭ ሪዝ።

«አባቴ፣ አበበች። ይግባኜን ይስሙኝ።»

እኔን አዩ፣ እትዬ ደስታን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ።

«ዛሬም ምሳዬ ሊቀር ነው» አሉ።

«አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። የተበደልኩ መስሎኝ የከሰስኩ እኔ፣ በሕግ የቋጠርኩ እኔ፣ የጠየቁኝን ሁሉ ሳልዋሽ የመለስኩ እኔ። መሬቴን ለምን ወሰዱብኝ?»

ጎንበስ ብለው አበባዋን አሸተቱ። ከዚያ ቀና አሉ።

«አንቺ ትጮኺ ነበር፣ ልጄ። ጎረቤትሽም ትጮኽ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ያለችው ብቻ ዝም ብላ ነበር። እኔ የፈረድኩት ለእሷ ነው።»